አቁመህ እየው፦ ስለ ሱፐር ሂሮ ፊገሮች ጥራት ጥያቄና መልስ

ፊገር መሰብሰብ ከጀመርኩ ሃያኛ ዓመቴን ይዣለሁ። የምኖረው ሜሪላንድ ነው። የገዛሁት፣ የሸጥኩት፣ ፈታትቼ ያጠብኩትና ለዘመድ ልጆች የሰጠሁት ሲደመር ብዙ መቶ ይሆናል። ጥያቄ ያላችሁ ላኩልኝ ብዬ ነበር፤ ከጠበቅሁት በላይ መጣ። የሚመሳሰሉትን አንድ ላይ አድርጌ እመልሳለሁ። ፊገር ስል አክሽን ፊገር ማለቴ ነው፤ እጅ እግሩ የሚታጠፍ የጀግና ቅርጽ። ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጆቹ አቆጣጠር ናቸው።

ጥያቄ፦ አንድ ፊገር እጄ ሲገባ መጀመሪያ ማየት ያለብኝ ምኑን ነው? እኔ ሁልጊዜ የማየው ፊቱን ነው።

መልስ፦ ፊቱን ለመጨረሻ አቆየው። መጀመሪያ ጠረጴዛ ላይ አቁመው። ያለ ማቆሚያ በሁለት እግሩ ይቆማል? ከቆመ ከበስተኋላው መብራት አድርግና ሁለት ሦስት እርምጃ ራቅ ብለህ ጥላውን ብቻ እየው። ቀለሙም ፊቱም ሳይታይህ ማን እንደሆነ ካወቅኸው ቀራጹ ሥራውን ሠርቷል። ሱፐርማን ደረቱን ነፍቶ ትከሻውን ጥሎ ይቆማል። ስፓይደር ማን ቀጠን ያለ፣ እጅና እግሩ የረዘመ ነው። ባትማን ከአንገቱ ጀምሮ እስከ ካባው ጫፍ እንደ ድንጋይ ክምር ሰፍቶ ይወርዳል። ሦስቱን አንድ ዓይነት ቁመና ላይ አቁሞ ቀለም ብቻ የለወጠላቸው ኩባንያ የሸጠልህ ልብሱን ነው።

ለዚህ ምሳሌ የማደርገው ኬነር የተባለው የአሜሪካ መጫወቻ አምራች በ1984 ያወጣውን ሱፐር ፓወርስ የተባለውን ስብስብ ነው። ቁመታቸው አሥራ ሁለት ሳንቲም ሜትር ገደማ ነው፤ መገጣጠሚያቸው ዛሬ ከሚሠራው ጋር ሲተያይ ጥቂት ነው። ቅርጻቸው ግን የተነሣው ሆሴ ሉዊስ ጋርሲያ ሎፔዝ በ1982 የሱፐርማንና የባትማን አሳታሚ ለሆነው ለዲሲ ኮሚክስ ካዘጋጀው የሥዕል መመሪያ ነው፤ ያ ሰው ደግሞ ጀግና እንዴት እንደሚቆም ያውቃል። አርባ ዓመት አልፏቸውም ከጥላቸው ብቻ ስማቸውን መጥራት ትችላለህ።

ከቁመናው ቀጥሎ የጭንቅላቱንና የእጆቹን መጠን ከሰውነቱ ጋር አስተያይ። ከዚያ መገጣጠሚያዎቹን አንድ በአንድ አንቀሳቅስ። ቀለሙና ፊቱ ከዚህ ሁሉ በኋላ ይምጡ። ቀለም ዓይን ይይዛል፤ አንዴ ዓይንህ ከተያዘ ቅርጹን በቅጡ አታየውም።

ጥያቄ፦ ካርቶኑ ላይ "ከ30 በላይ መገጣጠሚያ" ይላል። ብዙ ከሆነ ይሻላል ማለት ነው?

መልስ፦ ቁጥሩ ብቻውን ምንም አይነግርህም። ክርን ላይ ሁለት ማጠፊያ ካለ አምራቹ ሁለት ብሎ ይቆጥረዋል፤ ክርኑ ግን ዘጠና ዲግሪ እንኳ ላይታጠፍ ይችላል። እኔ የምጠይቀው አንድ ነገር ነው፤ ይህ ጀግና የሚታወቅበትን አኳኋን ይይዛል ወይስ አይይዝም? ስለዚህ ፈተናው እንደ ጀግናው ይለያያል።

ስፓይደር ማን ስቲቭ ዲትኮ በ1962 ከሳለው ጊዜ ጀምሮ ቁጢጥ የሚል፣ የሚንጠለጠል፣ ግድግዳ ላይ የሚለጠፍ ነው። ስለዚህ ቁጢጥ አድርገው። ጭኑ ከደረቱ ተጠግቶ፣ የጣቶቹ ጫፍ ጠረጴዛውን ነክቶ፣ እንደዚያ ሆኖ ቀና ብሎ ፊት ለፊት ካየ አልፏል። አብዛኞቹ የሚወድቁት እዚህ የመጨረሻው ላይ ነው፤ ጉልበቱ ይታጠፋል፣ ወገቡ ይታጠፋል፣ አንገቱ ግን እምቢ ይላል። ሱፐርማንን ደግሞ በሆዱ አስተኝተህ አየር ላይ ያዘውና ወደሚበርበት አቅጣጫ ማየት ይችል እንደሆነ ተመልከት። ይህን ፈተና ካርቶን ላይ የሚጽፈው የለም፤ እኔ ግን በእሱ ምክንያት ብዙ ሱፐርማን መልሼ ሸጫለሁ። ካፒቴን አሜሪካ ጋሻውን ደረቱ ፊት ማምጣት አለበት፤ ለዚህ ትከሻው ከብብቱ ወደ ፊት የሚሳብ ተጨማሪ ማጠፊያ ይፈልጋል፤ ሰብሳቢዎች ባተርፍላይ የሚሉት እሱን ነው። ሃልክ ይህ ሁሉ አያስፈልገውም። ሁለት ክንዱን ከራሱ በላይ አንሥቶ መሬት ሊመታ ሲል ወደ ኋላ ካልወደቀ ይበቃዋል።

ሌላም አለ። መገጣጠሚያ በተጨመረ ቁጥር ቅርጹ ይቆረጣል። ሆድ መሃል ላይ የሚታጠፍ ማጠፊያ ስታስገባ የሆዱን ጡንቻ ለሁለት ከፍለኸዋል። ጎበዝ ቀራጭ ቁርጡን በልብሱ መስመር፣ በቀበቶ ወይም በጡንቻ እጥፋት ውስጥ ይደብቀዋል። ቶይ ቢዝ የተባለው ኩባንያ በ2002 ማርቭል ሌጀንድስ የተባለውን የማርቭል ጀግኖች ስብስብ ሲጀምር ካፒቴን አሜሪካ፣ አይረን ማን፣ ሃልክና ቶድ በዚያ ዋጋ ያልተለመደ እንቅስቃሴ ይዘው መጡ፤ ክርንና ጉልበታቸው ላይ ግን የማያያዣው ፒን ጫፍ አፍጥጦ ይታይ ነበር። በ2007 ሥራውን የተረከበው ሃስብሮ በቅርብ ዓመታት ፒኑ የማይታይ ክርንና ጉልበት መሥራት ጀምሯል። ባዶ ክንድ ላላቸው ጀግኖች ይህ ትልቅ ለውጥ ነው፤ ድሮ የቆዳ ቀለም ባለው ክርን ላይ የሌላ ቀለም ክብ ነጥብ ይታይ ነበር።

አንድ መገጣጠሚያ ብቻ ምረጥ ብትለኝ ቁርጭምጭሚትን ወደ ጎን የሚያዘነብለውን እመርጣለሁ። እሱ ከሌለ እግሩን ስታራርቀው ፊገሩ በጫማው ጠርዝ ይቆማል። እሱ ካለ መርገጫው ሙሉ ለሙሉ ጠረጴዛው ላይ ያርፋል፤ ጀግናው ክብደት ያለው ይመስላል።

ጥያቄ፦ እኔ ለወንድሜ ልጅ አንዱን ከአንድ ሱቅ፣ ሌላውን ከሌላ ገዛሁለት። አንዱ ለሌላው ልጁ መሰለ። ምን አጠፋሁ?

መልስ፦ ልኬታቸው ይለያያል፣ እህቴ። ባለ 6 ኢንቹ፣ ማለትም 15 ሳንቲም ሜትሩ፣ የሰውን ቁመት በ12 ያካፈለ ነው፤ 1 ሜትር ከ83 የሚረዝም ሰው 15 ሳንቲም ሜትር ላይ ያርፋል። የማርቭል ሌጀንድስ ልኬት ይህ ነው። ማክፋርሌን ቶይስ ከ2020 ጀምሮ የሠራቸው የዲሲ ጀግኖች ግን ባለ 7 ኢንች ናቸው። ሱፐርማንን ከማክፋርሌን፣ ስፓይደር ማንን ከሃስብሮ ከገዛሽ አይገጥሙም። አንዱን ልኬት ይዘሽ በእሱ ቀጥዪ።

ጥያቄ፦ ጥቁር ጀግኖች የሆኑት የብላክ ፓንተርና የስቶርም ፊገሮች ፊት ለምንድን ነው እንደ አመድ የሚሆነው? ወይም ደግሞ ሁሉም አንድ ዓይነት ቡኒ ነው።

መልስ፦ ይህ ጥያቄ ለኔ ከሁሉም ይበልጣል፤ ስለዚህ ታገሡኝ።

ፊት የሚቀባው በአብዛኛው እንደ ማኅተም በሚሠራ ለስላሳ የሲሊኮን ትራስ ነው፤ ታምፖ ይሉታል። ትራሱ ቀለሙን ከተቀረጸ ሰሌዳ ላይ ያነሣና ፊቱ ላይ ያትመዋል። ነጩ አንድ ጊዜ፣ ጥቁሩ አንድ ጊዜ፣ ቅንድቡ ሌላ ጊዜ። ከነዚህ አንዱ ግማሽ ሚሊሜትር ከሳተ ጀግናው ይንሸዋረራል። ከ2010ሮቹ ማብቂያ ወዲህ ደግሞ ፊቱን በቀጥታ በዲጂታል ማተሚያ ማተም ተስፋፋ። ዓይን ውስጥ ያለው ብርሃን፣ የከንፈር ጥላ፣ የጢም ቡቃያ ሁሉ በጥቃቅን ነጠብጣብ ይወጣል። በቅርብ ስታየው ነጥብ ነጥብ ነው፤ ከክንድ ርቀት ግን ሰው ነው።

ችግሩ የሚመጣው የቆዳው መሠረት ላይ ነው። ጭንቅላቱ የሚፈስሰው ከተቀለመ ፕላስቲክ ነው። ለጥቁር ሰው አንድ ቡኒ መርጦ አፍስሶ፣ ዓይንና ከንፈር አትሞ መላክ ርካሽ ነው። እንዲህ የተሠራ ፊት ላይ ጥላም ሙቀትም የለም። የኛን ቆዳ የሚያውቅ ሰው ወዲያው ያየዋል፤ ጉንጭ ላይ ቀላ የሚል፣ ከዓይን ሥር ጠቆር የሚል፣ ግንባር ላይ የሚያበራ ቆዳ ነው ያለን። አንዳንዴ ደግሞ ፊቱን ቀብተው አንገቱንና እጁን በፕላስቲኩ ቀለም ይተዉታል፤ ፊቱ አንድ ቀለም፣ አንገቱ ሌላ ቀለም ይሆናል።

እኔ የማየው መዳፉን ነው። ስቶርምን ገዝቼ እጇን ስገለብጥ መዳፏ ከእጇ ጀርባ ነጣ ብሎ ከተቀባ፣ ያን ፊገር የሠራው ሰው ጥቁር እጅ አይቶ ያውቃል እላለሁ። ለዚያች ለአንዲት ተጨማሪ ቅብ አምራቹ ገንዘብ አውጥቷል። ብላክ ፓንተር በ1966 ጃክ ከርቢና ስታን ሊ ካስተዋወቁት ጀምሮ ከጭምብሉ ጋር ነው፤ ጭምብል የለበሰ ፊገር ይህን ጉድለት ይሸፍናል። ስለዚህ ጭምብል የሌለው ተጨማሪ ጭንቅላት አብሮ ካለ፣ ጥራቱን በዚያ ጭንቅላት መዝነው።

ጥያቄ፦ ልጄ አራት ዓመቱ ነው። መርካቶ በከረጢት የሚሸጠውን የሱፐር ሂሮ ስብስብ ገዛሁለት፤ ሽታው ጠንከር ይላል። ይጎዳው ይሆን?

መልስ፦ መጠየቅዎ ደግ ነው። ርካሽ መሆኑ ብቻውን አያስፈራኝም፤ የሚያስፈራኝ ማን እንደሠራው የማይታወቅ መሆኑ ነው። ፒቪሲ የሚባለው ለስላሳ ፕላስቲክ የሚለሰልሰው ማለስለሻ ኬሚካል ተጨምሮበት ነው። ከነዚህ መካከል ፍታሌት የሚባሉት ለልጆች ስለሚያሰጉ፣ አሜሪካ በ2008 ባወጣችው ሕግ በልጆች መጫወቻ ውስጥ የተወሰኑት ከ0.1 በመቶ በላይ እንዳይገኙ ከልክላለች። የከረጢቱ ዕቃ ይህን ይጠብቅ አይጠብቅ ሳይመረመር አይታወቅም።

ቤት ውስጥ ማድረግ የሚችሉት ይህ ነው። በሞቀ ውኃና በዕቃ ማጠቢያ ሳሙና አጥበው አየር የሚያገኝበት ቦታ ለጥቂት ቀን ያቆዩት። ሽታው ካልቀነሰ አይስጡት። ነጭ ጨርቅ አርጥበው ቀለሙን ሸት ሸት ያድርጉት፤ ጨርቁ ላይ ቀለም ከወጣ ልጅዎ አፍ ውስጥም ይወጣልና አይስጡት። እጁን፣ ጭንቅላቱን፣ መሣሪያውን ሳብ ሳብ አድርገው ይፈትኑት። ከሦስት ዓመት በታች ሕፃን ቤት ውስጥ ካለ ተነቃይ ትንንሽ ዕቃ ሁሉ ይውጣ፤ አሜሪካ ውስጥ ለማነቅ የሚያሰጋ ዕቃ የሚለካው 3 ሳንቲም ሜትር ከ2 ሚሊ ገደማ ስፋት ባለው ቱቦ ነው፤ እዚያ ውስጥ ሙሉ በሙሉ የሚገባ ለሕፃን አይሰጥም። ማግኔት ካለበት ደግሞ ፈጽሞ አይስጡት፤ ሁለት ማግኔት የዋጠ ልጅ አንጀቱ ይጎዳል። የአውሮፓን የደኅንነት መስፈርት ያሟላል የሚለው የሲኢ ምልክት ስላለበት አይተማመኑ፤ ምልክቱን ማተም ለማንም ቀላል ነው።

ጥያቄ፦ ኦሪጅናሉን ከኮፒው በምን እለያለሁ?

መልስ፦ ብዙ ኮፒ የሚሠራው ከኦሪጅናሉ ላይ ቅርጽ ተወስዶ ነው። ፕላስቲክ ሲቀዘቅዝ ይኮማተራል፤ ስለዚህ ኮፒው ጥቂት ያንሳል፣ ጥቃቅኑ ቅርጽም ይደበዝዛል። የስፓይደር ማንን ድር መስመር፣ የቀበቶ ኪስ ጠርዝ፣ የጣት ጥፍር እይ። ኦሪጅናሉ ላይ ስለታም ነው፤ ኮፒው ላይ የቀለጠ ሳሙና ይመስላል። ከእግሩ ሥር ወይም ከጀርባው የኩባንያው ስምና ዓመት በትንሹ ተቀርጾ ይገኛል፤ እሱ ከሌለ ወይም ፊደሉ ከተሳሳተ አትግዛ። ሁለቱ የሞልድ፣ ማለትም ፕላስቲኩ የሚፈስስበት ቅርጽ፣ ግማሾች የሚገናኙበት መስመር በጎን በኩል በጣት ከተሰማህም ጥሩ ምልክት አይደለም፤ ይህ ግን ኦሪጅናል ላይም ይገጥማልና ብቻውን ማስረጃ አይሁንህ።

ጥያቄ፦ ኩባንያዎቹ ለምን አንድ ሰውነት እየደጋገሙ ይሸጡልናል? ንቀት አይደለም?

መልስ፦ ሁልጊዜ አይደለም። ሞልዱ ብረት ነው፤ ለአንድ ፊገር የሚቆረጠው ብረት በአሥር ሺዎች የሚቆጠር ዶላር ይፈጃል። ያን ወጪ ለብዙ ጀግኖች ማካፈል ባይቻል ኖሮ ማንም የማያውቃቸው ገጸ ባሕርያት ፊገር ባልተሠራላቸው ነበር። ሜጎ የተባለው ኩባንያ በ1972 የሱፐር ሂሮ ፊገር ሲጀምር ባለ 8 ኢንች አንድ ሰውነት ላይ ጨርቅ ልብስ እያለዋወጠ ነበር የሠራው፤ ሰዉም ወደደው። እኔ የምቆጣው ሰውነቱ ከሰውየው ጋር ሳይሄድ ሲቀር ነው። ስፓይደር ማን ጭምብሉን ሲያወልቅ ፒተር ፓርከር የሚባል ተማሪ ልጅ ነው፤ የካፒቴን አሜሪካ ደረት ምን ያደርግለታል?

ጥያቄ፦ ካባ ጨርቅ ይሻላል ፕላስቲክ?

መልስ፦ ሽቦ የገባበት ስስ ጨርቅ። የፕላስቲክ ካባ ፎቶ ላይ ያምራል፤ ግን ይከብዳል፣ ፊገሩን ወደ ኋላ ይጎትታል፣ ሱፐርማን እየበረረም ካባው እንደቆመ ነው። ጨርቁ ወፍራም ከሆነ ግን እንደ መጋረጃ ስለሚቆም ፕላስቲኩን እመርጣለሁ።

ጥያቄ፦ አዲስ ፊገር ክንዱን ሳዞረው እጄ ላይ ተሰበረ። ጥራት የለውም ማለት ነው?

መልስ፦ ምናልባት፤ ግን ቀዝቅዞ ነበር? እኔም አንድ ክረምት ፖስታ ቤት ያደረ ካርቶን እንደመጣ ከፍቼ አንጓውን ስጠመዝዝ ቀጥ ብሎ ተሰበረብኝ። ፕላስቲክ ሲቀዘቅዝ እንደ ደረቅ እንጨት ነው። አዲስ ፊገር ላይ ደግሞ ቀለም መገጣጠሚያው ውስጥ ገብቶ ያጣብቀዋል። እምቢ ያለ መገጣጠሚያ ሲገጥምህ አትታገለው። በፀጉር ማድረቂያ አሙቀው ወይም ሙቅ ውኃ ውስጥ አንድ ሁለት ደቂቃ ንከረው፤ ከዚያ ቀስ ብለህ ወዲያና ወዲህ አድርገው። የተጣመመ እግርም እንዲሁ ይቃናል፤ አሙቀህ አቃናውና ቀዝቃዛ ውኃ ውስጥ አስገባው፣ እዚያው ይረጋል። ማለስለሻ ካስፈለገ የሲሊኮን ዘይት ይሁን፤ ከነዳጅ የሚወጣ ዘይት ፕላስቲኩን ሊጎዳው ይችላል።

ጥያቄ፦ ለዓመታት ካርቶን ውስጥ የቆየ ፊገሬ ሲነካ ያጣብቃል። ምን ሆኖ ነው?

መልስ፦ ቅድም ያልኩት ማለስለሻ ቀስ በቀስ ወደ ላይ እየወጣ ነው። ሙቀትና የታፈነ አየር ያብሱበታል። ለብ ባለ ውኃና ሳሙና እጠበው፣ አድርቀው፣ አየር በሚያገኝበት ከፀሐይ በራቀ መደርደሪያ አቁመው። አልኮል አትጠቀም፤ ቀለሙን ይዞት ይሄዳል። ከጊዜ በኋላ ሊመለስ ይችላልና ደግመህ እጠብ።

ጥያቄ፦ ሆት ቶይስ ዋጋው ይገባዋል?

መልስ፦ በ2000 ሆንግ ኮንግ የተመሠረተ ኩባንያ ነው፤ ሥራው በአብዛኛው 30 ሳንቲም ሜትር ገደማ፣ የሰውን አንድ ስድስተኛ ነው። ፊቱን በተመለከተ በዚህ መጠን የሚያህለው ያየሁት ጥቂት ነው። ልብሱ የተሰፋ ጨርቅ ነው፤ ስፌቱ ራሱ ያስደንቃል። ግን ሁለት ነገር እወቅ። ቆዳ መሰል ጨርቅ የለበሰ ከሆነ ከዓመታት በኋላ ሊሰነጠቅና ሊላጥ ይችላል፤ ጎማ ሰውነት ያለው ደግሞ ተጣጥፎ ከቆየ ይቀደዳል። ማለት፣ አንድ ጊዜ አቁመህ የምታየው እንጂ የምትጫወትበት አይደለም። ለአይረን ማን አንድ ሦስት መቶ ዶላር ማውጣት ይገባኛል፤ ጥሩሩ ጠንካራ ስለሆነ አይላጥም። ለስፓይደር ማን ግን ባንዳይ ወይም ሜዲኮም ጃፓን ውስጥ የሚያወጧቸውን ባለ 15 ሳንቲም ሜትሮች እመርጣለሁ፤ ቁጢጥ ይላሉ።

ጥያቄ፦ አባቴ "ትልቅ ሰው ሆነህ አሻንጉሊት?" ይለኛል። ምን ልበለው?

መልስ፦ ቃሉ አሜሪካኖቹንም ፍርድ ቤት አድርሷቸዋል በለው። በ1964 ሃስብሮ ጂ አይ ጆ የተባለውን የወታደር ፊገር ሲያወጣ ወንድ ልጅ አሻንጉሊት አይገዛለትም ተብሎ ስለተፈራ ነው አክሽን ፊገር የሚለው ስም የመጣው። በኋላ ጉምሩክ "ሰው የሚመስል ከሆነ አሻንጉሊት ነው" ብሎ 12 በመቶ ቀረጥ ጠየቀ፤ ሌላ መጫወቻ 6.8 በመቶ ነበር። ቶይ ቢዝ ከሰሰ። ዳኛዋ ጁዲት ባርዚሌይ በ2003 ኤክስ ሜን የተባሉትን ልዩ ኃይል ያላቸው ጀግኖች ፊገሮች አንድ በአንድ አይታ፣ ሰው ስላልሆኑ መጫወቻ ናቸው ብላ ፈረደች። በአማርኛ አሻንጉሊት ሁለቱንም ስለሚይዝ አባትህ አልተሳሳተም። አንዱን በእጁ አስይዘውና መገጣጠሚያውን እንዲያንቀሳቅስ ስጠው።

ጥያቄ፦ ባሕር ዳር ላለው የእህቴ ልጅ በሰው እጅ ስፓይደር ማን ልልክ ነው። ካርቶኑን ይዞ ይሂድ?

መልስ፦ ልጁ ሊጫወትበት ከሆነ ካርቶኑን አውጣው፤ ለመንገደኛው ኪሎ ነው። ስታወጣው እዚያው ፈትነው፤ ቁጢጥ አድርገው፣ ዓይኑን እይ፣ ሁለት ግራ እጅ ተገጥሞለት እንዳይሆን ተመልከት፤ ይህ ገጥሞኝ ያውቃል። ከዚህ ሆነህ መለወጥ ትችላለህ፣ ከባሕር ዳር ግን አይቻልም። ፌስታል ቀለሙ ላይ እንዳይጣበቅ በንጹሕ የጥጥ ካልሲ ውስጥ ክተተው። ተለዋጭ እጆቹን በትንሽ ከረጢት ለብቻ አድርገህ ከካልሲው ጋር እሰራቸው፤ ድር የሚተኩሱት እጆች ከሌሉ ልጁ መጀመሪያ የሚጠይቅህ እነሱን ነው።